የዜውስ መምህርና የመሸበት እንግዳ

መምህር ሽታሁን ዜውስን አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሯል። ሞጣ ውስጥ በእሱ እጅ አልፎ ግሪክን የረሳ ሞልቷል፤ ዜውስን የረሳ ግን የለም። የታሪክ መጽሐፉ ለዚያ ዘመን የሰጠው ሦስት ገጽ ቢሆን ነው፤ ሽታሁን ሳምንቱን ሙሉ ይቆይበታል። ክረምት ሊገባ ሲል ሰማዩ ጠቁሮ የክፍሉ ቆርቆሮ መንጫጫት ሲጀምር ጠመኔውን ያስቀምጥና "በሉ እንግዲህ፣ ባለቤቱ መጣ" ይላል። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ቲያትር ቤት ነው። ዜውስ አባቱን ከዙፋኑ ሲገለብጥ፣ ከወንድሞቹ ጋር ዕጣ ተጣጥሎ ሰማይን ሲወስድ፣ መብረቁን እንደ ጦር ሲወረውር፣ ያ ሁሉ ግርማ ያለው ጌታ ደግሞ ሚስቱ ተቆጥታ ስትመጣ መግቢያ ቀዳዳ ሲጠፋው፤ ሁሉንም ሆኖ ያሳያቸዋል። ተማሪዎቹም "ዜውስ" ብለው ስም አወጡለት። ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ ስሙን ይወደው ነበር።

ከሁሉ የሚወደው ክፍል ግን መጽሐፉ ላይ የሌለውን ነው። ይኸውም ዜውስ የእንግዳ ጠባቂ መሆኑ ነው። "በግሪኮች ዘንድ እንግዳ ከደጁ የመለሰ ሰው ከዜውስ ጋር ተጣላ ማለት ነው" ይላቸዋል። "አንዳንዴም ራሱ የተቸገረ መንገደኛ መስሎ በየሰዉ ደጅ ይዞራል፣ ማን እንደሚከፍት ማን እንደሚዘጋ ሊያይ። ደግሞ እንግዳን ሳያበሉ ስሙን መጠየቅ ነውር ነበር። መጀመሪያ እግሩን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያጠጣሉ፤ ማነህ፣ ምን እግር ጣለህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።" ይህን ሲላቸው ከገጠር የመጡት ልጆች እርስ በርስ ይተያያሉ። የአባታቸው ቤት ሥርዓት ነው፤ ግሪክ ድረስ ለምን እንደሚኬድ ነው ያልገባቸው።

ለእናቱም አንድ የፋሲካ ሰሞን ቢቸና ወርዶ ነግሯታል። ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤቷ ከገበያው በላይ፣ መንገዱ አፍ ላይ ነው። ከጉንደ ወይን ይምጣ ከደብረ ወርቅ፣ የመሸበት ሁሉ እሷ መደብ ላይ ነው የሚያድረው። ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ መደቡ ባዶውን ያደረበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል። የልጇን ወሬ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና "ይሄ ዜውስ የምትለው ጣዖት ነው?" አለችው።

"አዎ እምዬ፣ ጣዖት ነው።"

"እንግዲያው ጣዖት እንኳ ይህን ካወቀ፣ የተጠመቅነው እኛ ምን ምክንያት ልናቀርብ ነው?" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በእናትና በልጅ መካከል አንድ ቃል ነበረ። ሽታሁን ዩኒቨርሲቲ ሳለ አባቱ ሞተ። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና "ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ይጨርስ" ተባለ፤ እንደ አገሩ ወግ ነገሩ ተደበቀ። ሽታሁን ተመርቆ ሲመጣ ለአባቱ ሊያሳየው ፎቶግራፉን ይዞ ነበር። አርባው ወጥቷል። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ እናቱ ላይ ጮኸባት። እሷም አለቀሰችና ማለች፦ "ሁለተኛ እንዲህ አይደረግብህም። እኔ ስታመም፣ ገና ትንፋሼ ሳለ ሰው እልክብሃለሁ። መርዶ ሳይሆን የሕመሜ ወሬ ይደርስሃል። አንተም እንደደረሰህ አትዘግይ። ዓይኔን የምትከድነው አንተ ነህ።" እሱም ማለላት። ከዚያ ወዲህ ሽታሁን በዓለም ላይ የሚፈልገው ብዙ ነገር ቢኖርም፣ የማይቀርብኝ ብሎ የያዘው ይህን አንዱን ብቻ ነበር።

አሁን ወዳለንበት ክፉ ዘመን እንምጣ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ስልክ ሲያሻው ሳምንት ይሠራል፣ ሲያሻው ሦስት ወር ይጠፋል። መኪና ከሞጣ ቢቸና የሚሄድበት ቀን ከተገኘ ሰው እንደ በዓል ያወራዋል። ሽታሁን እናቱን ካየ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እሱስ ቢሆን ሞክሮ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመልሷል።

በሰኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህሩን ኃይለ ሚካኤልን ከቤቱ ወሰዱት። ማን እንደወሰደው እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅም ካለ አይናገርም። ሚስቱ የምታስታውሰው ሁለት ሰዎች ሲመሽ መጥተው በትሕትና "ውስጥ ገብተን እንነጋገር" ማለታቸውን ነው። ገቡ፣ ተነጋገሩ፣ ይዘውት ወጡ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ የራሱን ጥበቃ አቆመ፤ አለቃቸው ልብስ ሰፊው ገላው ሆነ። ደንብም ወጣ፦ ፀሐይ ከገባች በር አይከፈትም፤ ያልታወቀ ሰው ከታየ ለጥበቃው ይነገራል። ደንቡን በእጁ የጻፈው ሽታሁን ነው፤ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ።

ማክሰኞ ነበር፣ የፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት። ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግቢው ኩሬ መስሏል። ሽታሁንና ሚስቱ የሺእመቤት ገበታ ቀርበው ነበር። ከአጥሩ በር ውጭ ድምፅ ተሰማ።

"ቤቶች! ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!"

ሁለቱም እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ይህን ቃል ከሰሙት ስንት ጊዜያቸው ነው። ሽታሁን ጋቢውን ደርቦ ወጣና ከቆርቆሮው በር ኋላ ቆመ። አልከፈተም።

"ማነህ?"

"የመሸበት ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ስምህን ነው የጠየቅሁህ። ከየት ነው የመጣኸው? ምን ፈልገህ ነው?"

  ከውጭ ያለው ሰው በደጅ ቆሞ እንዲህ ተብሎ መጠየቅ በዕድሜው ደርሶበት የሚያውቅ አይመስልም።

"ከሩቅ ነው የመጣሁት" አለ። "ሌላውን ውስጥ ገብተን እንነጋገራለን።"

ሽታሁን ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ኃይለ ሚካኤል የሰማው ቃል ያው ነው። የሺእመቤት በዝናቡ መጥታ ክንዱን ያዘችው።

"የደከመው ሰው ድምፅ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ከቢቸና ቢሆንስ?"

"ከቢቸና ቢሆን ከቢቸና ነኝ አይልም?"

"እናትህ ልካ ቢሆንስ?"

እዚህ ላይ ሽታሁን አሰበ። ለራሱም እንዳላሰበ አድርጎ ሊናገር አይችልም፤ አስቧል። መርዶ ሲሆን በማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ይዞ ነው፤ በዝናብ፣ በምሽት፣ ብቻውን የሚመጣ መርዶ ነጋሪ የለም። እናቱ ብትልክ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ነው የምትልከው፣ የጎረቤት ልጅ፣ የእህት ልጅ። ይህን ድምፅ አያውቀውም። የተማረ ሰው ነውና ነገሩን እንዲህ አንድ በአንድ አስተካክሎ፣ ምክንያት ሰጥቶ፣ ተሳሳተ።

"ሂድ ወንድሜ" አለ ጮክ ብሎ። "እዚህ ቤት ማደሪያ የለም።"

 "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለና ሰውዬው ጭቃውን እየረገጠ ሲሄድ ተሰማ። ያ ምርቃት ሽታሁንን ከስድብ ይልቅ አስፈራው። ተመልሶ ገበታ ቀረበ፤ የሺእመቤት ግን አልቀረበችም።

በማግስቱ ሳይነጋ ሄዶ ለገላው ነገረው። ገላው ሦስት ሰዎች አስከትሎ ወጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ሰውዬውን ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም ተኝቶ አግኝተውታል። በትሩን ቀምተው እስከ ከተማው ዳር ሸኝተውታል።

"ምን አለ?" አለ ሽታሁን።

"'መምህር ሽታሁንን ነው የምፈልገው' ይላል። 'ለምን?' ብንለው 'ለራሱ ነው የምነግረው' አለ። የጠቆመህ ራሱ መምህሩ ነው ስንለው ግን ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረም።"

"ስሜን ጠራ?"

"ስምህን ነው እንጂ።"

ሽታሁን አማተበ። እኔን ፈልጎ ነበር የመጣው፣ ለጥቂት ተረፍሁ አለ። ቤቱም ገብቶ ለሚስቱ "አላልኩሽም?" አላት። ለጎረቤቱ ሁሉ ነገረ፤ የሰማው ሁሉ "እመቤቴ አወጣችህ" አለው። እኔ ግን አንዳንዴ ሳስበው፣ ሰው ከእግዚአብሔር የተላከለትን ነገር ከእግዚአብሔር ባገኘሁት ጥበብ አመለጥሁት ብሎ ሲያመሰግን፣ ላይ በሰማይ ምን ይሉ ይሆን እላለሁ።

ስምንተኛው ቀን ረቡዕ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ማታውን የሺእመቤት ከጎረቤት ተጠርታ ሄዳ ስትመለስ ዓይኗን ከሱ ስታሸሽ አይቶ ነበር። በማለዳ የሚንኳኳ በር ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ደግሞ መማር አያስፈልግም። ይህኛውን በር ገና ሳይጠየቅ ከፈተው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አጎቱ ቄስ ባንተአምላክ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት የቢቸና ሽማግሎችና የሰፈሩ ሰው።

"ልጄ፣ እናትህ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አርፋለች" አሉት።

እንዴት እንደጮኸ፣ ማን እንደያዘው፣ መሬት ላይ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አያውቅም። አራት ሰዓት ሲሆን ድንኳን ተተክሎ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እሱም ጥግ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። በለቅሶው መካከል ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ቃል ገብታልኝ ነበር። ሰው እልካለሁ ብላኝ ነበር። አልላከችም፣ እምዬ አልላከችም።"

ቄስ ባንተአምላክ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ።

"ኧረ ልጄ፣ እንዲህ አትበል፣ በነፍሷ ኃጢአት ይሆንብሃል። ልካ የለ እንዴ? ሰውየውን ተቀብለህ፣ እግሩን አጥበህ፣ አብልተህ አሳድረህ፣ 'መንገዱ እንደተከፈተልኝ እደርሳለሁ' ብለህ መልሰህ የለ? ይህን ሰምታ እኮ ነው ደስ ብሏት የሞተችው።"

የሽታሁን ለቅሶ ተቋረጠ። "ማንን ነው የተቀበልሁት?"

"ስጦታው የሚባለውን ሰው ነዋ። ይኸው እዚያ" አሉ በድንኳኑ በር በኩል እየጠቆሙ።

ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ እግሩ በመንገድ የተላላጠ ሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሽታሁን ፊቱን አይቶት አያውቅም። ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሣ፣ ጎንበስ አለና "እግዜር ያጥናዎት፣ መምህር" አለ።

ፊቱን አያውቀውም፤ ድምፁን ግን አወቀው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ሽታሁን ስጦታውን ከድንኳኑ ኋላ ወስዶ ከጎኑ ተቀመጠ።  ስጦታው ራሱ ጀመረለት። ከጉንደ ወይን ወደ ታች ያለ ገበሬ ነው። ከዓመታት በፊት ቢቸና ገበያ ወርዶ ወባ ጥሎት ወይዘሮ ይርጋነሽ መደብ ላይ አሥራ ሰባት ቀን ተኝቷል። ዘንድሮ በፍልሰታ ሊጠይቃት ሲሄድ ታማ አገኛት። የጎረቤቱ ጎልማሶች መንገዱን ፈርተው ሲያመነቱ "እኔ እሄዳለሁ" አለ።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለ ሽታሁን። በዚያ ምሽት አንተ ያለውን ሰው አሁን እርስዎ ማለቱን ልብ አላለውም። "እናትህ ታማለች ብቻ ቢሉኝ በሩን ሰብሬ በወጣሁ ነበር።"

"የእናትን ሕመም በቆርቆሮ በር ላይ እንዴት ልጩኸው?" አለ ስጦታው፤ የእውነት እየጠየቀ እንጂ እየወቀሰ አልነበረም። "ሰው ተቀምጦ፣ እህል ቀምሶ፣ ልቡ ሲረጋ ነው እንዲህ ያለው የሚነገረው። እንዲህ ነው የማውቀው። ደግሞ ቢደነግጡስ ብዬ።"

"በማግስቱስ?"

"በማግስቱማ ሰዎቹ የጠቆመህ እሱ ነው አሉኝ። የማይፈልገኝን ሰው ምን ብዬ ልጠጋ? ዓርብ ማታ ቢቸና ገባሁ።"

ሽታሁን ቆጠረ። ረቡዕ ጠዋት አብረው ቢነሡ ኖሮ ዓርብ ማታ አብረው ይገቡ ነበር። እናቱ ያረፈችው ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው። አንድ ሙሉ ሌሊት አጠገቧ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

"ምን አለችዎ? መጣ ወይ አለች?"

"የለም። መጀመሪያ የጠየቁኝ 'አበላህ?' ብለው ነው።" ስጦታው መሬት መሬት ያያል። "አበላኝ አልኋቸው። 'እግርህን አጠበህ?' አሉ። አጠበኝ አልሁ። 'ሳትበላ ስምህን ጠየቀህ?' አሉ። አልጠየቀኝም አልሁ። ያን ጊዜ ሳቁ። 'የሱ ጣዖት ደግ አስተምሮታል' አሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ነገ ከነገ ወዲያ ይደርሳል ስላቸው እሺ እጠብቀዋለሁ ብለው ጋደም አሉ።"

"ዓይኗን ማን ከደናት?"

 "ሌሎቹ ደክሟቸው አሸልበው ነበር" አለ ስጦታው። "እኔ ነኝ።"

ሽታሁን ተነሣ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መሀል ላይ ቆመና ነጠላውን ከትከሻው ጣለ። አማኑኤል ያውቃል፣ ከልቡ ነበር።

"ስሙኝ" አለ። "ይህን ሰው አላሳደርኩትም። በሬ ላይ በዝናብ ቆሞ ለምኖኝ አባርሬዋለሁ። አልበቃ ብሎኝ ጠቁሜ አስይዤዋለሁ። እናቴ ቃሏን ጠብቃለች፤ ቃሌን የበላሁባት እኔ ነኝ።"

 ገላው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል። የሺእመቤት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ቄስ ባንተአምላክ ተነሥተው ክንዱን ያዙት።

"ሐዘን ነው" አሉ ለሰው ሁሉ። "የእናት ሐዘን እንዲህ ያስቀባጥራል። ቁጭ አድርጉት፣ ውኃ ስጡት።"

"እሱን ጠይቁት!" አለ ሽታሁን። "እሱን ጠይቁት እንጂ!"

ሰው ሁሉ ወደ ስጦታው ዞረ። ስጦታው በድንኳኑ በር ቆሞ ነበር። ሽታሁንን ትክ ብሎ አየው።

"ተቀብሎኛል" አለ። "አብልቶኛል፣ እግሬን አጥቦኛል።"

እሰይ ተባለ። አንዲት አሮጊት "የይርጋነሽ ልጅ አይደል፣ ከሌላ ምን ሊወርስ" አለች። ሽታሁንን ደግፈው አስቀመጡት፤ ግራና ቀኝ ሆነው ስለ ደግነቱ እያነሡ አጽናኑት። እንግዲህ ዜውስ ቢሆን መብረቁን ወርውሮ በአንድ ጊዜ ይገላግለው ነበር። ሰማዩ ግን ያን ቀን ከሳምንት በኋላ ጠርቶ ነበር፤ ሰዉም ዝናቡ ስላባራ ደስ ብሎታል።

ወደ ማታ ስጦታው ለመሄድ ሲነሣ ሽታሁን ተከትሎት ወጣ። እደር ብሎ ለመነው። አይሆንም አለ፤ ከሽማግሎቹ ጋር ጎረቤት ቤት ተይዞለታል። ሽታሁን ያን ጊዜ እግሩ ሥር ወደቀ።

"እንግዲያው ይቅር በሉኝ። አሁን ሰው የለም። ይቅር ብዬሃለሁ በሉኝ።"

ስጦታው ብብቱን ይዞ አነሣው።

"ተነሡ መምህር፣ ነውር ነው" አለ። "እናትዎ የሞቱት ልጄ በሩን አልዘጋም ብለው ነው። አሁን እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ ብል፣ ዘግተውብኝ ነበር ማለቴ አይደለም? ከዚያ እሳቸውን ምን ላደርጋቸው ነው?" ጋቢውን አስተካከለ። "እኔ ከርስዎ ጋር ምንም ቂም የለኝም። ምንም አላደረጉኝም።"

ይህን ብሎ ሄደ። ሽታሁን በበሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይቅር ሊለው የሚችለው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልተበደልሁም አለ።